ቶቢ ጆግ ወይስ ባለፊት ጆግ? የእንግሊዝ ሸክላ ጆጎችን መለየት፣ ዕድሜያቸውን ማወቅና በልካቸው መግዛት

እንግሊዝ ወይም አሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ እነዚህን ጆጎች ሳታዩ አልቀራችሁም። ቻሪቲ ሾፕ መደርደሪያ ላይ፣ ካር ቡት ላይ፣ እስቴት ሴል ላይ፣ ወይም ለእንክብካቤ ሥራ በገባችሁበት የአዛውንት ቤት ሳሎን ውስጥ ተደርድረው። ቀይ አፍንጫ፣ ደንደን ያለ ጉንጭ፣ ባርኔጣ ያደረገ የሽማግሌ ፊት፣ ከጎኑ እጀታ ያለው የሸክላ ጆግ። ሻጩ "አንቲክ ነው" ይላችኋል። ዋጋው አንዱ ጋ 8 ፓውንድ፣ ሌላው ጋ 80፣ ሌላው ጋ 800 ይሆናል። ለማያውቅ ሰው ደግሞ ሦስቱም አንድ ናቸው።

አንድ አይደሉም። ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ልበላችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው። የእነዚህን ጆጎች ዋጋ የሚወስነው ዕድሜ ብቻ አይደለም። ለስንት ዓመት ተመርቶ ቆመ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከዕድሜው ይበልጣል። በ1930ዎቹ ወጥቶ ለሃምሳ ዓመት ያህል ሲመረት የኖረ ጆግ፣ በ1960ዎቹ ሦስት ዓመት ብቻ ተሠርቶ ከተቋረጠ ጆግ በዋጋ ያንሳል። "የቆየ ነው" ሲሏችሁ እሺ በሉና መልሳችሁ "ለስንት ዓመት ተመረተ?" ብላችሁ ጠይቁ። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ሁለቱን ለዩ

ቶቢ ጆግ ሙሉ ሰው ነው። ሰውዬው ተቀምጧል፣ ጉልበቱ ላይ የቢራ ጆግ ይዟል፣ አንዳንዴ ፒፓም አለው። ባርኔጣው ባለሦስት ማዕዘን ነው፤ አንደኛው ማዕዘን መጠጡ የሚቀዳበት አፍ ይሆናል። የሸክላ ሠሪዎች አገር በሆነው ስታፎርድሻየር ከ1760ዎቹ አካባቢ ጀምሮ ሲሠራ ኖሯል። ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ባለፊት ጆግ ግን ከትከሻ ወይም ከአንገት በላይ ብቻ ነው። ሰብሳቢዎች ካራክተር ጆግ ይሉታል። ዛሬ ገበያውን የሞሉትን ባለፊት ጆጎች ያስጀመረው ሮያል ዶልተን የተባለው ፋብሪካ ሲሆን፣ ዘመኑ 1934፣ ቦታው በርስለም ከተማ፣ ሠሪው የፋብሪካው የጥበብ ክፍል ኃላፊ ቻርልስ ኖክ ነው። የመጀመሪያው ጆግ ጆን ባርሊኮርን ነበር፤ እንግሊዞች ገብስንና ከገብስ የሚጠመቀውን መጠጥ ሰው አድርገው የሳሉት ገጸ ባሕርይ። ከዚያ ኦልድ ቻርሊ የሌሊት ዘበኛው፣ ሴሪ ጋምፕ፣ ፓርሰን ብራውን፣ ሽፍታው ዲክ ተርፒን ተከተሉ።

ስለዚህ አንድ ሰው የሮያል ዶልተን ማህተም ያለበትን ባለፊት ጆግ ይዞ "የ1800ዎቹ ነው" ካላችሁ ወይ አያውቅም ወይ እያታለለ ነው። ንግግሩን እዚያው አቁሙት።

የስታፎርድሻየሩ ቶቢ

ይሄኛው እኔ በጣም የምወደው ነው፣ ግን ለጀማሪ ከባድ ነው። ከባድ ያደረገው ማህተም የሌለው መሆኑ ነው። አብዛኞቹ ጥንታዊ ቶቢዎች ምንም ጽሑፍ የላቸውም። ሻጮች ደግሞ ቆየት ያለ የመሰላቸውን ሁሉ "ራልፍ ውድ" እያሉ ይጠሩታል። የውድ ቤተሰብ በበርስለም የታወቁ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፣ ሥራቸውም ድንቅ ነው፣ ነገር ግን ስማቸው የተለጠፈበት ሁሉ የእነሱ አይደለም። ማህተም ከሌለው ስሙን እርሱትና ሸክላውን እዩት።

መጀመሪያ ቀለሙን እዩ። በጣም ጥንታዊዎቹ ላይ ቀለሙ በግሌዙ ውስጥ ነው ያለው፤ ማለትም ላይኛው አብረቅራቂ ንብር ራሱ ቀለም አለው፣ ስስ ነው፣ ፈሰስ ብሎ ከኮቱ ወደ ሱሪው ተሻግሯል፣ እጥፋቶቹ ውስጥ ተጠራቅሞ ጠቁሯል። ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ። ፊቱ ብዙ ጊዜ ፈዛዛ ነው። ከዚያ ወደ 1790ዎቹና 1800ዎቹ መጀመሪያ ስንመጣ ፕራትዌር የሚባለው አለ። ብርቱካንማ ቢጫ፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ የወይራ አረንጓዴ፣ ቡናማ። ቀለሙ ከግሌዙ በታች ስለሆነ በጣታችሁ ስትዳስሱት አይሰማችሁም። ሦስተኛው ከግሌዙ በላይ የተቀባው ነው፣ የ1800ዎቹ ሠሪዎች በብዛት የተጠቀሙበት። ይሄኛውን ጣት ያውቀዋል። ቀለሙ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሰማል፣ ባርኔጣው ጠርዝና እጀታው ላይ ደግሞ ተልጦ ነጩ ሸክላ ይታያል።

ቀጥሎ ገልብጡት። ብዙዎቹ ጥንታዊ ቶቢዎች ታቻቸው ጎድጓዳ ነው። በእጅ ሲያዙም ከሚገመተው በላይ ቀላል ናቸው። ፐርልዌር በሚባለው ሸክላ ከተሠራ ግሌዙ የተጠራቀመበት ጥግ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ነገር ታያላችሁ። መልበሱንም እዩ። ሁለት መቶ ዓመት ጠረጴዛ ላይ የተጎተተ ነገር አንዱ ጎኑ ከሌላው ይበልጥ ይለብሳል። ዙሪያውን እኩል የተፈገፈገ ከሆነ ሰው በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎታል። በሻይ አጥልቀው ያጠቆሩትም አለ። እሱን የሚያጋልጠው ቡናማው ቀለም በየቦታው እኩል መሆኑ ነው።

ዋጋ የሚያወጡት የተለዩ ገጸ ባሕርያት ናቸው። "ቀጭኑ ሰው" የሚሉት አለ፣ አድሚራል ሃው አለ፣ "ስኳየር" አለ። ሴትም አለች፦ ማርታ ገን። ብራይተን ባሕር ዳርቻ ላይ የሚታጠቡትን እመቤቶች ውሃ ውስጥ እየነከረች ታወጣ የነበረች፣ በ1815 የሞተች እውነተኛ ሴት ናት። ለወንዶቹ ጠጪዎች ብቻ ቦታ በነበረበት መደርደሪያ ላይ አንዲት ሠራተኛ ሴት በስሟ መቀመጧን በጣም እወድላታለሁ። አንድ ሌላ ነገር፦ ብዙ ቶቢዎች ሲሠሩ ባርኔጣቸው መሃል የሚገባ ትንሽ ክዳን ነበራቸው፣ አብዛኛው ጠፍቷል ወይም ተሰብሯል። የራሱ ክዳን ያለው ካገኛችሁ ዋጋው ከፍ ይላል። "የራሱ" የሚለው ላይ ግን ጠንከር በሉ። ክዳኑና ባርኔጣው በቀለምም በግሌዝም መመሳሰል አለባቸው።

የተጠገነ ቶቢ በጥቂት መቶ ፓውንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ይገኛል። ጥሩ የሆነውና ብርቅ ገጸ ባሕርይ ያለው ሺህን ይሻገራል።

የዶልተኑ ባለፊት ጆግ

ለጀማሪ የምመክረው ይሄን ነው፤ ምክንያቱም ቂጡ ላይ ሁሉም ነገር ተጽፏል። ማንበብ መልመድ ብቻ ነው።

ገልብጡት። መሃል ላይ ዘውድ፣ በላዩ የቆመ አንበሳ፣ ከሥሩ እርስ በርስ የተጠላለፉ ክብ ፊደላት ታያላችሁ። ከአንበሳውና ከዘውዱ በስተቀኝ ትንሽዬ ቁጥር ካለች ዕድላችሁ ነው። 1927 ደምሩባት። 13 ከሆነ 1940 ነው የተሠራው። 20 ከሆነ 1947። ይህ የሚሠራው ከ1928 እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ላሉት ነው። ከማህተሙ አጠገብ "ኤ" የምትል የእንግሊዝኛ ፊደል ካለች ደግሞ ጆጉ ከ1939 እስከ 1955 ባለው ጊዜ ገደማ ተሠርቷል ማለት ነው። "ዲ" ከሚለው ፊደል ቀጥሎ ያለው ባለአራት አኃዝ ቁጥር የዲዛይኑ መለያ ነው። ጆን ባርሊኮርን 5327 ነው። ይህ ቁጥር ጆጉ የትኛው እንደሆነ ይነግራችኋል፣ መቼ እንደተሠራ ግን አይነግራችሁም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማህተሙ ሥር "ኮፒራይት 1959" ተብሎ ቢጻፍ ጆጉ በ1959 ተሠራ ማለት አይደለም። ዲዛይኑ የተመዘገበው ያኔ ነው። ጆጉ ራሱ ከዚያ ሃያ ዓመት ቆይቶም ከምድጃ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ያንን ዓመት እያሳየ ዋጋ ሲጨምርባችሁ ፈገግ ብላችሁ ዋጋውን ወደ ቦታው አውርዱት።

በማህተሙ ላይ የተጫረ መስመር ካለስ? ፋብሪካው ራሱ ሁለተኛ ደረጃ ብሎ የሸጠው ነው። የሆነ ጉድለት አለበት፣ አንዳንዴ ዓይን የማያየው። ለቤት ጌጥ ምንም አይልም፣ ለስብስብ ግን ዋጋው ይወርዳል። ብዙ ሻጭ ይህን አይነግራችሁም፤ በፎቶ ስትገዙ የቂጡን ፎቶ በደንብ ጎልቶ ላኩልኝ በሉ። ፎቶ ካልላከ ተዉት።

መጠንም አለ። ትልቁ ከ13 እስከ 19 ሳንቲ ሜትር፣ ትንሹ ከ8 እስከ 10፣ ሚኒየቸሩ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ታይኒ የሚሉት ደግሞ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ። ትልቅ ስለሆነ ይወደዳል ብላችሁ አታስቡ። በ1940ዎቹ የወጡት የአውራ ጣት ጫፍ የሚያካክሉት ታይኒዎች ከብዙ ትላልቆች ይበልጣሉ።

ልዩነቱ ዝርዝር ውስጥ ነው

ትርፉም ደስታውም ያለው እዚህ ነው። አንድ ስም ያላቸው ሁለት ጆጎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ የምሳ ዋጋ ሌላው የወር ኪራይ ሊሆን ይችላል።

ግራኒን እንይ። ኮፍያ ያሰረች አሮጊት ናት፣ በ1935 ነው የወጣችው። አብዛኞቹ ላይ አፏ ውስጥ አንዲት ጥርስ ጎልታ ትታያለች። እነዚያ ከ1940ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1983 ተመርተዋል፣ ስለዚህ በየቦታው ሞልተዋል። መጀመሪያ የወጣችው ግን ጥርስ አልነበራትም። ጥርስ የሌላት ግራኒ ናት የምትፈለገው። ሻጩ ሳያውቅ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ዋጋ ሊደረድራት ይችላል። እናንተ ግን አፏን እዩ።

ክላውኑም እንደዚሁ ነው። ፀጉሩ ቀይ የሆነው ከ1937 እስከ 1942፣ ነጭ የሆነው ከ1951 እስከ 1955 ነው የተሠራው። ሁለቱም አጭር ጊዜ ስለተሠሩ ሁለቱም ከተራዎቹ በብዙ ይበልጣሉ። የባሕር ኃይል አዛዡ ድሬክ ባርኔጣ አድርጎ እስከ 1960 ተመርቷል፣ ባርኔጣ የሌለው ግን በ1940 እና 41 ብቻ። ዲክ ተርፒን እጀታው ሽጉጥ ከሆነ ከ1960 በፊት ያለው ነው፣ የፈረስ አንገት ከሆነ ከዚያ በኋላ የመጣው።

ከሁሉም በላይ የሚነገርለት የ1940ው ቸርችል ነው። ነጣ ያለ ክሬም ቀለም፣ ሁለት እጀታ። ጦርነቱ መሃል ለክብሩ ተሠራለት። ቸርችል መልኩን አልወደደውም ይባላል፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ወጣ። ዛሬ በሺዎች ፓውንድ ይሸጣል። ኋላ ከወጣው፣ ሙሉ ሰውነቱ ከሚታየውና ለሃምሳ ዓመት ከተሠራው የቸርችል ቶቢ ጋር እንዳታምታቱት። ያኛው በየገበያው አለ።

ከ1960ዎቹ ደግሞ ጎንዶሊየር (1964–69)፣ ሪጀንሲ ቦ (1962–67)፣ አርድ ኦፍ ኢሪንግ (1964–67) የሚባሉትን ስም ያዙ። አዲስ ይመስላሉ፣ ሰውም ያልፋቸዋል። በዕድሜ ከእነሱ የሚበልጠው ሴሪ ጋምፕ ግን ከ1935 እስከ 1986 ተሠርቶ ሞልቷል፣ ጃንጥላዋ እጀታ የሆነላት ሴት ናት። ትልቋ ሴሪ ጋምፕ በ20 ፓውንድ ስትሸጥ ብታዩ አይግረማችሁ፣ 60 ሲሏችሁ ግን አትክፈሉ።

ሦስተኛ አማራጭ፦ የአንደኛው ዓለም ጦርነት ቶቢዎች

ብዙ ሰው አያውቃቸውም፣ እኔ ግን ለታሪክ ወዳድ ሰው ከሁሉም በፊት የማቀርባቸው እነዚህን ነው። ሰር ፍራንሲስ ካራዘርስ ጉልድ የሚባል የጋዜጣ ካርቱን ሠዓሊ የአሸናፊዎቹን መሪዎች ሣለ፣ ዊልኪንሰን የሚባል ፋብሪካ ከ1915 ጀምሮ በሸክላ ሠራቸው። 11 ናቸው፤ ሎርድ ኪችነር፣ ሎይድ ጆርጅ፣ ማርሻል ፎሽ፣ ፕሬዚዳንት ዊልሰን፣ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛው ሁሉ አሉበት። ኪችነር የያዘው ጆግ ላይ "ለካይዘሩ መራራ" የሚል ተጽፏል፣ የመራራ ቢራና የጦርነት ቅኔ። የእነዚህ ጥሩ ጎን ማን እንደሠራቸው፣ መቼ እንደሠራቸው፣ ስንት እንደሆኑ መታወቁ ነው። ማህተም አላቸው፣ የስታፎርድሻየሩ ጥርጣሬ የለባቸውም፣ እንደ ዶልተንም ገበያውን አላጥለቀለቁትም። አንዱ በመቶዎች ፓውንድ ነው።

ከጃፓን የመጡት ደግሞ ሌላ ነገር ናቸው። ታቻቸው ላይ "ኦኩፓይድ ጃፓን" የሚል ካለ ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ፣ አሜሪካኖች ጃፓንን በያዙበት ጊዜ እስከ 1952 ድረስ የተሠሩ ናቸው። ለጌጥ ጥሩ ናቸው፣ በእንግሊዝ ዋጋ ግን አትግዟቸው። በአጠቃላይ "ኢንግላንድ" የሚል ቃል ያለበት ዕቃ ከ1891 ወዲህ ነው ብላችሁ ብትይዙት ብዙም አትሳሳቱም፤ አሜሪካ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የአገሩን ስም እንዲይዝ ያስገደደችው ያኔ ነው። "ሜድ ኢን ኢንግላንድ" ካለ ደግሞ 20ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ጉዳት አለው የለውም?

ምጣድ ስንገዛ በጣት አንኳኩተን ድምፁን እንደምናዳምጠው ይህንንም አንኳኩት። ጤነኛ ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ስንጥቅ ካለበት ድምፁ ይታፈናል። ከዚያ ጥፍራችሁን በባርኔጣው ጠርዝ፣ በአፍንጫው፣ በእጀታው መጋጠሚያ ላይ አስኪዱ። የሚሰበረው እዚያ ነው፣ የሚጠገነውም እዚያ ነው። የተጠገነ ቦታ ከሌላው ይልቅ ለስለስና ሞቅ ይላል፣ ሸክላ ግን ቀዝቃዛ ነው። ትንሽዬ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ግዙ፣ ርካሽ ናት። ጨለማ ውስጥ ስታበሩበት አዲስ ቀለምና ሙጫ ከቀሪው ተለይቶ ይታያል።

ለስታፎርድሻየር ቶቢ ትንሽ ጥገና ነውር አይደለም። ሁለት መቶ ዓመት ኖሮ ባርኔጣው ሳይሸረፍ የቀረ ጥቂት ነው፣ በግልጽ ተነግሯችሁ ዋጋው ከቀነሰ ግዙት። ለተራ ዶልተን ግን ምንም ሽርፍ አትቀበሉ። ጤነኛው በሚቀጥለው ሱቅ አለና።

ዋጋውን እንዴት ታውቃላችሁ?

በኢንተርኔት የተለጠፈውን ዋጋ አትመኑ። ሻጭ የፈለገውን መጻፍ ይችላል። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ አሳየኝ የሚለውን ምረጡ፣ የጨረታ ቤቶችን ያለፉ ውጤቶች እዩ። ድሮ የታተሙ የዋጋ መጻሕፍት ለመለየት ይጠቅማሉ፣ ለዋጋ ግን አይሆኑም፤ የሰብሳቢው ትውልድ እያረጀ ቤቱን ሲለቅ ጆጎቹ በብዛት ገበያ ወጥተው የተራዎቹ ዋጋ ከዚያ ዘመን በጣም ወርዷል። ጨረታ ላይ ስትገዙ ደግሞ መዶሻው ያረፈበት ዋጋ መጨረሻው አይደለም። ብዙ ጨረታ ቤቶች ከ20 እስከ 30 በመቶ ይጨምሩበታል።

ታዲያ የቱን ትግዙ?

እጃችሁ ላይ 30 ፓውንድ ካለ አንድ ጤነኛ ትልቅ ዶልተን ግዙ፣ ከቁጥሩ ጋር ያለውን፣ ቂጡን ማንበብ የምትለማመዱበት። ፊቱን ወዳችሁት ይሁን እንጂ ያተርፋል ብላችሁ አይሁን። 150 ካላችሁ አምስት ተራ ጆጎች አትግዙ። ታግሳችሁ አንድ ለአጭር ጊዜ የተሠራ ፈልጉ፣ ጎንዶሊየርን ወይም ጥርስ የሌላትን ግራኒ። አምስቱ ነገ ስትሸጧቸው ያው አምስት ተራ ጆጎች ናቸው፣ አንዷን ግን የሚፈልጋት ሰው አለ። 500 ካለ ምርጫው በዊልኪንሰን አንድ መሪና በፕራትዌር ቶቢ መካከል ነው። እርግጠኝነት የሚያስፈልገው ሰው ዊልኪንሰኑን ይውሰድ። በእጁ ይዞ የአንድን ያልታወቀ ሸክላ ሠሪ የብሩሽ አካሄድ ማየት የሚያስደስተው ሰው ቶቢውን ይውሰድ፣ እኔ ብሆን እሱን ነው የምወስደው።

ለቶቢ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን እውነተኛዎቹን ሄዳችሁ እዩ። ለንደን ያላችሁ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ ሰሜን ያላችሁ ስቶክ ኦን ትሬንት ከተማ የሚገኘው የፖተሪስ ሙዚየም፤ ሁለቱም በነፃ ይገባል። መስታወቱ ጋ ጠጋ ብላችሁ ግሌዙ ከኮቱ ወደ ሱሪው የፈሰሰበትን ቦታ በደንብ አስተውሉ፣ ከዚያ ሻጩ ጋ ስትሄዱ ያንኑ ፈልጉ።